ድንብላል ያልኩት አበባ

እናቴ ከደጋው ከገረሴ ወርዳ ቆላ ሴቻ እኔ ቤት የገባችው ጥቅምት ላይ ነው። ጭቃ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ተሰንጥቆ ነበር። ሐኪሙ አየና አጥንቱ እስኪገጥም ከሰው ቤት ትቀመጥ አለ። ከሰው ቤት ማለት እኔ ቤት ማለት ነው፤ ሌላ ልጅ የላትም። እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሃምሳ ልደፍን ጥቂት የቀረኝ፣ ትዳር ያልበረከተልኝ፣ ሁለት ክፍልና አንዲት በረንዳ ተከራይቼ የምኖር ሴት። ጠባዬም አይጥምም። ይህን የምለው ሰው «ኧረ አንቺስ» እንዲለኝ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የማወራው ስለማያምር አስቀድሜ መናገሩ ይሻላል ብዬ ነው።

እኔና እናቴ የምንነጋገረው በጋሞኛ ነው፤ እዚህ አማርኛ ያለበስኩት እኔ ነኝ። እሷ ከገበያ ከለቃቀመችው በቀር አማርኛ የላትም። በዚያችው አማርኛዋ የቤት አከራዬን፣ ያንን ጢማም ሰውዬ፣ «አንቺ ደኅና ነሽ?» ትለዋለች፤ እሱም «ደኅና ነኝ እናቴ» ብሎ ይስቃል። የመጀመሪያውን ወር እንዲህ እየሳቅን ነው ያሳለፍነው።

ሴቻ ከታችኛው ሠፈር ከሲቀላ ይሻላል፣ ነፋስ አለው ይባላል። ለቆላ ሰው ይሻል ይሆናል። ገረሴ በጋቢ ላይ ቡሉኮ ደርባ የምታድር ሴት ግን እዚህ አንሶላም ከበዳት። ቬንትሌተር ልክፈትልሽ ስላት «ብርድ ይመታኛል» ትላለች፤ ሳጠፋው ደግሞ በላብ ትጠመቃለች። «እማዬ፣ ወይ ሙቀቱን ወይ ብርዱን ምረጪ እንጂ» ብዬ እቆጣታለሁ። «የቤቴን ብርድ ነው የመረጥኩት» ትለኛለች። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቢሮ እሄዳለሁ።

በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ መቼ ነው የምትወስጂኝ። መጀመሪያ «እግርሽ ሲድን» አልኳት። ኅዳር ላይ ዱላ ይዛ ከአልጋዋ እስከ በረንዳው ደረሰችና «ይኸው ድኗል» አለች። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፍጠር ሁለተኛ ሥራዬ ሆነ። ጣሪያሽ ያፈሳል። ውሃ ማን ይቀዳልሻል። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ ዳሌሽ ይናጋል። መኪና አይገኝም፣ መኪና ቢገኝ ፈቃድ አይሰጡኝም። ገረሴ ያሉት ጎረቤቷ፣ ከእሷ ጋር አብረው ያረጁት ባልቴት፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውሉላት ነበር። ስልኩን ከእናቴ ስቀበል «ኧረ አምጪልን ልጄ፣ እኛ አለን አይደል» ይሉኛል። «እሺ እማማ» እላለሁ፤ እሺ ማለት ምን ይጎዳል።

እውነቱ ግን ጣሪያውም መኪናውም አይደለም። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በስብከቱ መሃል «በመካከላችን ያለች አንዲት እህት እናቷን እንዴት አድርጋ እንደያዘች ተመልከቱ» ተባለ። ስሜ አልተጠራም፤ ሰው ሁሉ ግን ዞሮ አየኝ። በዕድሜዬ አንድም ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ከመውጣቴ በፊት ሦስት ሴቶች አቅፈው ሳሙኝ። እናቴን መልሼ ብወስዳት እነዚሁ ሴቶች «ዳገት ላይ ጥላት መጣች፣ ብቻዋን ደመወዟን ልትበላ» ሊሉ ነው። ይህን ፈራሁ። ሴትዮዋ በሙቀት እየቀለጠች እኔ የምፈራው የሰው አፍ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ነጠላዋን ላጥብ ስል ጫፉ ላይ ጠበቅ ያለ ቋጠሮ አገኘሁ። ፈታሁት፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ደቃቅ ፍሬ። ጥቁር አዝሙድ መስሎኝ «መልካም፣ ለበርበሬው ይሆናል» ብዬ በሲኒ ገለበጥኩት። የሲኒውን ድምፅ ሰምታ ነው መሰል ከአልጋዋ ላይ «እሱን እንዳትነኪው፣ የሲስተሯ አበባ ነው» አለች።

የሲስተሯን አበባ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ አንዲት የውጭ አገር ነርስ ገረሴ ክሊኒክ ትሠራ ነበር፤ እናቴ ግቢውን ትጠርግላት ነበር። ሲስተሯ ከአገሯ ያስመጣችው አበባ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያብበው። ሐምራዊ ነው፣ መሃሉ ነጭ፤ ከጀርባው አምስት ቀጫጭን ቀንዶች ወደ ላይ ይወጣሉ። ስትሄድ ለእናቴ ሥሩን ነቅላ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ጎን፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር፣ በየዓመቱ ዘሩን ራሱ እያራገፈ ይበቅል ነበር። አምና ክረምት የሰው ላሞች ገብተው ረጋግጠው ጨረሱት። የቀረው በነጠላ የተቋጠረው ነው። ስሙ ኮሎምባይን እንደሚባል ስልኬ ላይ ፈልጌ ያወቅሁት በዚያው ቅዳሜ ነው፤ ሙቀት እንደማይወድም ያነበብኩት ያኔ ነው።

«መልሼ የምተክለው ነው» አለችኝ። «ብርድ ካልነካው ግን አይነቃም። እዚህ ምን ብርድ አለና።»

«ፍሪጅ አለ» አልኳት።

ፍሪጅ ውስጥ ዘር ማስቀመጥ የሚለው ነገር እንዴት እንዳሳቃት። ጥርስ በሌለው ድዷ ስትስቅ አልጋው ተንቀጠቀጠ። ሳቋ ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌ አይያዝም። «እንዝራውና የበቀለ ዕለት ችግኙንም አንቺንም ይዤ ወደ ቤትሽ እወጣለሁ» አልኳት። እጄን ያዘችና «በእግዚአብሔር ፊት?» አለች። «በእግዚአብሔር ፊት» አልኩ። ቃሉን የገባሁት እዚህ ሙቀት ውስጥ አይበቅልም ብዬ ነው። አይበቅልም፣ እሷም ተስፋ ትቆርጣለች፣ እኔም አልዋሸሁም።

አሸዋ አጠብኩ፣ አረጠብኩት፣ ዘሩን ቀላቅዬ በጨርቅ ጠቅልዬ በባዶ የቅቤ ጣሳ ውስጥ ከፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ አኖርኩት። አንድ ወር ሙሉ የእናቴ ወሬ የዘሩ ብርድ ሆነ። መብራት ሲጠፋ «ሞቀው እኮ» ትላለች። መብራት ሲመጣ ዱላዋን ይዛ ትነሳና በሩን አስከፍታኝ መዳፏን ጣሳው ላይ ታሳርፋለች። መዳፏን ከዚያ ለማንሳት አትቸኩልም። ለዘሩ ነው ብላ ነው እንጂ ለራሷም ብርዱ ሳይናፍቃት አልቀረም።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ዘራነው። የዘይት ጀሪካን በወርዱ ቆርጬ፣ በጋለ ሚስማር ሥሩን በሳሁት። አፈሩን ሙዝ ልገዛ ገጠር ላንቴ በሄድኩበት ቀን አንድ ገበሬ በፌስታል ሞልቶ ሰጠኝ፤ ከሙዝ ሥር የተዛቀ፣ ጥቁር አፈር ነው። ዘሩን በትኜ እንደ ጎመን ዘር አፈር ልመልስበት ስል እጄን ያዘችኝ። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት ያለፈ አታይም፤ እጄ የሚያደርገውን ግን አወቀች።

«አትቅበሪው። ብርሃን ካላየ አይወጣም። ላዩ ላይ ተዪውና በመዳፍሽ ብቻ ተጫኚው።»

«ወፍ ቢለቅመውስ?»

«ወፍ ይበላዋል ብለሽ ከቀበርሽው አንቺ ነሽ የበላሽው» አለች።

ውሃ ላጠጣው ስልም አልፈቀደችልኝም፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል። አንድ ጉንጭ ውሃ ይዛ፣ ልብስ የሚተኩስ ሰው እንደሚያደርገው፣ ፍፍፍ ብላ በስሱ ረጨችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ የእሷ ሥራ ይህ ነበር። እርጥብ ጆንያ አጥላልተንበት በረንዳው ጥግ፣ ፀሐይ በማይደርስበት በኩል አስቀመጥነው።

«ምን አለ?» ትለኛለች ጠዋት ጠዋት።

«ምንም የለም።»

እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ ይህ እውነት ነበር። አንድ ቀን ለሥራ ተጣጥቤ ወጥቼ ጆንያውን ገለጥ ሳደርግ አፈሩ አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥቷል። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ናቸው። ሁለት ሁለት ቅጠል ያላቸው፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ። ደነገጥኩ። እናቴ ከውስጥ «ምን አለ?» አለች።

«ምንም የለም» አልኩ።

እንዲህ በቀላሉ ወጣ። ለመዋሸት እንኳ አላሰብኩም፤ ምላሴ ለምዶት በራሱ ሄደ። ቢሮ ደርሼ ፋይል ሳገላብጥ «ዛሬ ማታ እነግራታለሁ» አልኩ። ማታ «ነገ» አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ስንቁስ ይቅለል፣ የእኔ ውሸት ግን በየቀኑ ይከብድ ነበር፤ ቡቃያው ያድጋላ። በሁለተኛው ሳምንት እውነተኛ ቅጠላቸውን አወጡ፤ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፋፈለ፣ ጠርዙ ክብ ክብ ያለ። ላየው ሰው ድንብላል ነው፤ ዳጣ የሚፈጭበት፣ በየጓሮው ያለ ድንብላል።

ለምሳ ስመለስ በረንዳው ላይ አገኘኋት። ጆንያውን ገልጣ፣ ተንበርክካ፣ በጣቶቿ አፈሩን እየዳበሰች ነው። በዚያ ዳሌዋ እንዴት እንደተንበረከከች አላውቅም። ጣቷ ቡቃያው ላይ ቆሟል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር።

አሁን ሳስበው ያን ጊዜ እውነቱን ልናገር እችል ነበር። «በቅሏል እኮ፣ ላስደንቅሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ» ብል ታምነኝ ነበር፤ እንኳን ልታምነኝ ታቅፈኝ ነበር። እኔ ግን የታየኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዞሮ የሚያየኝ ሰው ነው።

«ድንብላል ነው» አልኳት። «የላንቴው አፈር ውስጥ የድንብላል ዘር ነበረበት መሰለኝ። ያንቺው አልወጣም።»

አንዲት ቅጠል ቀነጠሰች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል አሸችው። ከዚያ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች። ድንብላል ገና ሳትነኪው ነው የሚሸተው፤ ስታሺው ደግሞ ቤቱን ይሞላል። የሲስተሯ አበባ ቅጠል ግን ሣር ሣር ከማለት በቀር ምንም ሽታ የለውም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዳጣ የፈጨች ሴት ናት።

ጣቷን ከአፍንጫዋ አውርዳ በቀሚሷ ጠረገች።

«ድንብላል ከሆነም ይደግ» አለች። «አንድ ቀን ለዳጣ ይሆናል። አንሺኝ እስቲ።»

ብብቷን ይዤ አነሳኋት። ከዚያን ቀን በኋላ መቼ ነው የምትወስጂኝ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

እኔስ ምን አልኩ? ተመስገን አልኩ። እርጅና ነው፣ አፍንጫዋም እንደ ዓይኗ ደክሟል፣ ረስታዋለች አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል ማስረጃ አያጣም። ነገር ግን መርጨቷን አልተወችም። ጠዋትና ማታ ዱላዋን እየተመረኮዘች ትወጣለች፣ ጉንጯን በውሃ ትሞላለች፣ ፍፍፍ። ከቢሮ ስመለስ «ድንብላልሽን አጠጥቼልሻለሁ» ትለኛለች። ድንብላልሽን። እንደኔ ያለ ምላስ ቢኖራት በዚህች ቃል ትወጋኝ ነበር፤ ግን ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። አንድ እሑድ ዳጣ ልፈጭ ሚጥሚጣውንና ነጭ ሽንኩርቱን አቅርቤ ድንብላል እንደሌለኝ ያወቅሁት መጨረሻ ላይ ነው። ውሸቴን እውነት ላስመስል «ከበረንዳው ልቀንጥብ» ብዬ ተነሳሁ።

«እሱን አትንኪው» አለች። «ከሱቅ አስመጪ።»

«ለምን?»

«ገና ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የማይበላ መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ሲስተሯ ነግራት ይሆናል፣ ወይ ከብት ሲርቀው አይታ ይሆናል። እንዳልመረዝ እየጠበቀችኝ ነበር፤ ውሸቴንም ሳታጋልጥ። ይህ የዚያኑ ቀን ገብቶኛል። ገብቶኝ ሱቅ ሄድኩ፣ ድንብላል ገዛሁ፣ ዳጣዬን ፈጭቼ በላሁ።

የካቲት ገባ፤ ሙቀቱ በረታ። ከአሥራ አንዱ አምስቱ ጠወለጉ። እናቴም ምግብ ቀነሰች። ቆጮ ከገረሴ ሰው ሲመጣ አስመጣሁላት፤ ቀምሳ ተወችው። ሐኪም ጋ ወሰድኳት፣ ወባ የለባትም ተባለ፣ የሚያስፈራ ነገር የለም ተባለ፣ ኪኒን ተሰጣት። ሌሊት ሌሊት ቡሉኮዋን ከእግሯ ሥር ወደ ደረቷ ስባ ስታቅፈው እሰማታለሁ፤ አትለብሰውም፣ ታቅፈዋለች። «እማዬ፣ ምን ላድርግልሽ?» እላታለሁ። «ምንም፤ አንቺ ደከመሽ» ትለኛለች። ሙቀቱ ነው የገደላት ብዬ ለሰው አውርቻለሁ። እሱም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ ሙቀቱ ውስጥ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

መጋቢት ውስጥ አንድ ማክሰኞ ለምሳ ስገባ አልጋዋ ላይ ጎኗን ሰጥታ ተኝታለች። «እማዬ፣ ምሳ» አልኩ። ሁለተኛ ስጠራት አወቅሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማመን እስከ ዛሬ ይከብደኛል። የቤት አከራዬ ለዕድሩ ደወለ። የቢሮ አለቃዬ ሳልጠይቀው ፈቃድ ሰጠኝ፤ ሳምንት ሙሉ። መኪና፣ ያ አምስት ወር ሙሉ አይገኝም ያልኩት መኪና፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን በር ላይ ቆመ፤ አንድ ብቻም አይደለም፣ ሁለት። የጋሞ ሰው ሬሳ በሰው አገር አይቀበርም፤ ወደ ቤቱ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች እየዘመሩ ተጫኑ። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፣ እናቴ ከኋላችን በቡሉኮዋ ተጠቅልላ። መንገዱ አላንገጫገጨም። ዳገቱን ስንወጣ በመስኮቱ ቀዝቃዛ አየር ገባ፣ ጉም መጣ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፉ። ያን ጊዜ «ይኸው፣ መጣንልሽ» ልላት አፌን ከፍቼ አፈርኩ።

ገረሴ የደረስነው ሳይመሽ ነው። የእናቴ ቤት ተጠርጓል። እሳት ተያይዟል። ያፈሳል ያልኩት ጣሪያ የሚያፈሰው በአንድ ጥግ ብቻ ነበር፤ እሱንም የሠፈሩ ወንዶች ለለቅሶው ሲሉ በዚያው ሰዓት ሣር ደርበውበታል። ውሃ ማን ይቀዳልሻል ብዬ ነበር፤ እንስራውና ጀሪካኑ ሁሉ ሞልቶ በደጃፉ ተሰልፏል።

በነጋታው ቀበርናት። ከቀብር መልስ ጎረቤቷ ባልቴት እጄን ይዘው ከድንኳኑ አወጡኝና ወደ ቤቱ ጎን፣ ወደ እንሰቱ ጥላ ወሰዱኝ። አንዲት መደብ አለች። ተቆፍራ፣ ተለስልሳ፣ ድንጋዩ ተለቅሞላት። ዙሪያዋን ላምና ዶሮ እንዳይገባ በቀጫጭን ቀርከሃ ታጥራለች።

«ገና ዘሩን ከፍሪጅ ሳታወጡት ነው የቆፈርኩት» አሉኝ። «ልጄ ቃል ገብታልኛለች፣ አበባው ሲበቅል ይዛኝ ትመጣለች፣ ቦታውን አዘጋጂልኝ አለችኝ በስልክ። እሺ አልኳት። ጥር ላይ ደግሞ ስደውልላት አበባው በቅሏል አለችኝ። እልል ልል ስል፣ ተዪ አለችኝ፤ ልጄ ድንብላል ነው አለችኝ፣ ልትወስደኝ ብትፈልግ እንዲህ አትለኝም ነበር፣ እንግዲህ አታስቸግሯት፣ እናንተም አምጪያት አትበሏት፣ ብቻዋን ናት አለችኝ። ለዚህ ነው መወትወቱን የተውኩት፤ እንዳልቀየምሽኝ።»

እኔ እሳቸውን ልቀየም? ጥር ውስጥ ጣቷን የጠረገችበት ቀሚስ ነው የታየኝ።

«አጥሩን ግን አላነሳሁትም፤ የሰው ልብ አይታወቅም ብዬ» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። «አበባውስ? አመጣሽው?»

ስድስት ችግኝ ሴቻ በረንዳዬ ላይ ነበር። ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ስጭን፣ ወንበር ስጭን፣ ድንኳን ስጭን፣ አንዲት ጀሪካን ለማንሳት አላሰብኩም። መኪናው ነገ ይመለሳል፤ ሄጄ ላምጣው ብል የሚከለክለኝ አልነበረም። ግን ባመጣው ድንብላል አለመሆኑን፣ በቅሎ እያለ እንዳልወሰድኳት መንደሩ ሁሉ ያየዋል፤ የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም ያዩታል።

«ደርቋል እማማ» አልኳቸው። «ቆላ አይደል።»

«አይ፣ ቆላ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ጎንበስ ብለው ቀርከሃውን አንድ በአንድ ይነቅሉ ጀመር። እቅፋቸው ሲሞላ ለለቀስተኛው ቆጮ ለሚጋግሩት ሴቶች ማገዶ እንዲሆን ይዘውላቸው ሄዱ። እኔም አላስቆምኳቸውም።